የማዳም ጀዋሪያ መኪና የኋላ ፍሬን

ሰኞ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2008

መኪናዋ ዛሬ ሲጥ አለች።

ማዳም ጀዋሪያን ከፊዚዮቴራፒ መልሼ ግቢ ስገባ ነው። ቀስ ብዬ ልቆም ስል ከኋላ ጎማ በኩል ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ መጣ። ሲጥጥጥ። ማዳም ከኋላ ወንበር ቀና ብለው፣ «እንቁ፣ ድመት ዳጥሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም ማዳም። አቧራ ነው።»

ምን አውቄ ነው አቧራ ያልኩት? አፌ መልስ አያጣም፣ ችግሬ ይሄ ነው።

አብዱላሂ በረንዳ ላይ ቆሞ ሰምቷል። አብዱላሂ የማዳም የወንድማቸው ልጅ ነው። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ትራንዚት ቢሮ ይሠራል፣ አማርኛውን ከእኛ አገር የከባድ መኪና ሹፌሮች ነው የለቀመው፣ ስለዚህ ከሰላምታ ይልቅ ስድብ ይቀናዋል።

«እግርሽ ፍሬን ላይ ተኝቶ ነው የምትነጂው። የፍሬን ሸራውን በላሽው! ሽንኩርት ስታቁላላ የኖረች ሴት መሪ ሲሰጣት ይሄው ነው» አለኝ።

እኔ ፍሬን ላይ የምተኛ! ይህን ወንድሜ ባንቴ ቢሰማ ከሳቁ የተነሳ መንገድ ይስታል።

ማታ ንዴቴን ለማብረድ እንደ ልማዴ በውሃ ጎማ አጠብኳት፣ ቸርኬዋን ሳይቀር። ስትታጠብ ታምራለች፣ ብር ትመስላለች።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

በዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ማድቤት ቆሜያለሁ። ማዳም ጀዋሪያ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፣ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። የዛሬ ሦስት ዓመት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ታክሲ ያንገጫግጫቸዋል፣ አብዱላሂ ሲነዳ ደግሞ ያለቅሳሉ። ልጃቸው ከሊዮን ሆኖ ይህቺን ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ቶዮታ ከዱባይ አስመጣላቸው፣ ድምፅ የላትም፣ አትንገጫገጭም ብሎ። መኪናዋ መጣች፣ ሹፌር ግን የለም።

እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ነበረኝ። ባንቴ የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መንገድ በጭነት መኪና ሃያ ዓመት የተመላለሰበት ነው። ፔካ 12፣ ከጭነት መኪኖቹ ማደሪያ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ በየመጣበት አርብ ያስተምረኝ ነበር። ለምን እንደተማርኩ እኔም አላውቅም፣ ፈተናውን በሦስተኛው ነው ያለፍኩት። ማዳም አንድ ዙር ሞከሩኝና ከኋላ ሆነው፣ «ዳሌዬ መንገድ መውጣቱን አላወቀም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹፌር ነኝ። ማድቤቱን ቦንቱ ያዘችው።

ሁለት ዓመት። ሰው ሲጠራኝ «የማዳም ሹፌር» ይላል። አንድ ሰው ደግሞ ይህን ሊወስድብኝ ይፈልጋል። አብዱላሂ ትናንት ለማዳም በሶማልኛ፣ «ጓደኛዬ ሮብሌ ሥራ ፈትቷል፣ ጥሩ ሹፌር ነው» ሲል ሰምቻለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ጅቡቲ ኖሬ ሶማልኛ የማይገባኝ ይመስለዋል።

ማዳም ምን መለሱ? «ድምፁ ካልጠፋ እናስብበታለን» አሉ።

ስለዚህ ድምፁ መጥፋት አለበት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 26

ካርቲየ 5 ሰፈር፣ መካኒኩ ከይረዲን ጋ ሄድኩ። ከይረዲን የእኛ አገር ሰው ነው፣ ሻርጃ አራት ዓመት ሃይብሪድ ሲጠግን ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ሻይ ይጠጣል፣ ከሦስት እስከ ሰባት ይሠራል። ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ከተማ ከገባ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ የሚፈታ ብሎን የለም።

«ነይ እህቴ፣ ምን ትላለች?»

«ሲጥ ትላለች።»

«ስትሄድ ነው ስትቆም?»

«ልትቆም ስትል። መጨረሻው ላይ።»

ክሪክ ከማስገባቱ በፊት ከኋላ ሻንጣው ሥር ያለችውን ትንሽ ባትሪ ነቀለ። ለምን ስለው፣ «ይህቺ ተኝታም ትሰማለች። ጎማውን ፈትቼ እያለ አንዱ በር ቢከፍት ነቅታ ፍሬኗን ትገፋለች፣ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል» አለኝ። በሮቹ ላይ ሁሉ «አትንካ» ብሎ በጠመኔ ጻፈ። ጥንቁቅ ሰው ነው። መካኒክ ሆኖ ጥፍሩ እንዴት ንጹሕ ሊሆን እንደቻለ ግን አልገባኝም።

ሸራዎቹን አውጥቶ አሳየኝ። «አላለቁም። ይሄውልሽ ወፍራም ናቸው። ግን ዳር ዳራቸው ዝጓል፣ ዲስኩም እንደዚያው። ብዙ ቆማ ነበር?»

«ወደብ ላይ ቆማ ነበር፣ ከዱባይ ስትመጣ» አልኩ።

እውነት ነው፣ ቆማለች። የዛሬ ሁለት ዓመት።

አዲስ ሸራ ገባላት። ፒስተኑን እንደ ሌላ መኪና በመግፋት አይደለም የሚመልሰው፣ እያዞረ ነው። ጫፉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጭረት አለ፣ የሸራው ጀርባ ያላት እብጠት እዚያ ጭረት ውስጥ ልክ መግባት አለባት። ሦስት ጊዜ አጣራ።

ስመለስ ጸጥ። ማዳም፣ «ድመቷ ዳነች» አሉ። አብዱላሂ ከበረንዳው ወደ ውስጥ ገባ። ደስ አለኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 7

ሁሉ ሰላም። ሙቀቱ ጀምሯል። መብራት ሁለቴ ጠፋ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 23

ሲጥጥጥ።

አራት ሳምንት እንኳ አልሞላ። ዛሬ ያለችው ደግሞ ከሁሉም ቦታ መርጣ፣ ሃያብለ ሰፈር፣ የማዳም እህት በር ላይ፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ወጥቶ እየተቀበለን። አብዱላሂ ቆሞ ነበር። አላሾፈም። ለማዳም ብቻ፣ «አክስቴ፣ አንድ ቀን ጭራሽ አልይዝ ትላለች» አላቸው። ማዳም እጃቸውን ዳሌያቸው ላይ አደረጉ።

ከማሾፍ ይሄ ይብሳል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 2

ረመዳን አራተኛው ቀን። የበረሃው ነፋስ ኸምሲን ነፍሶ አሸዋ በጥርስ መሃል ይገባል። ጠዋት በሁለት ሰዓት ካርቲየ 5 ደረስኩ። ከይረዲን ይጾማል፣ ሻዩም የለ። ከንፈሩ ነጥቷል። አሁንም «ነይ እህቴ» አለኝ።

ጎማውን ፈታ፣ አየ። ከዚያ እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር።

«ባሕር ዳር ታቆሚያታለሽ?»

«አላቆምም። ግቢ ነው የምታድረው።»

«የእጅ ፍሬን ይዛ ነው የምታድረው?» (የእጅ ይሉታል እንጂ በዚህች መኪና በግራ እግር ነው የሚረገጠው።)

«አዎ፣ ሁልጊዜ።»

«እርጥብ እያለች?»

«አይ።»

«በቧንቧ ውሃ ታጥቢያታለሽ? ጎማው አካባቢ?»

አብዱላሂ እዚያው ቆሞ ነበር። ሊሰልለኝ ነው የተከተለኝ፣ «እኔም ልይ» ብሎ። ከይረዲን ሲጠይቅ እሱ የእኔን አፍ ነው የሚያየው። አዎ ብል፣ «ይሄው፣ ራሷ ናት» ሊል አፉን ከፍቶ።

«አላጥብም። በጨርቅ ነው የምወለውላት» አልኩ።

ከይረዲን ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው የእኔ ጥፋት ይሆናል። ያቺ እብጠት ከጭረቷ ወጥታ ይሆናል፣ ሸራው ተንጋዶ ሲያልቅ ዲስኩን ይቧጭራል።» ሁሉንም እንደገና ፈታው፣ ሁለቱንም በኩል። ፀሐይዋ በረታች፣ ጥላው ሄደ፣ እሱ ከሥር ነው። ላቡ አፈሩን አርጥቦ በጀርባው ልክ ምልክት ወጣ። አብዱላሂ መኪናው ውስጥ ገብቶ እንዳይቀመጥ በሮቹ ላይ «አትንካ» ተጽፏል፣ ስለዚህ ቆሞ አነጠሰ።

«ልክ ነበር። በቦታዋ ነበረች» አለ ከይረዲን ሲወጣ። «እንግዲህ ሸራው ይሆናል የማይረባው። እቃ ያቀበለኝ ሰው አታለለኝ መሰለኝ።» ፍሬኑን የሚይዙትን ፒኖች አጸዳ፣ ግራሶ ቀባ፣ ዲስኩን በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ ሌላ ሸራ አስገባ።

በጨርቅ መወልወሌ ውሸት አይደለም። ውስጧን በጨርቅ ነው የምወለውለው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 4

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጠብኳት፣ የጾሙን ምግብ በልተው ሁሉም ተመልሰው ሲተኙ። አሸዋው ሁለት ጣት ደርሷል፣ እንዴት አድርጌ ልተዋት? ቸርኬውን ብቻ ቶሎ ብዬ።

ቦንቱ በማድቤት መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «እትዬ እንቁ፣ ከመቼ ወዲህ ነው በጨለማ የምታጥቢው?» አለችኝ።

«ሙቀቱን ሽሽት ነው» አልኳት።

አርብ፣ ሰኔ 10

ባንቴ ገባ። ፔካ 12 ሄጄ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ ጉራው ግን እንዳለ ነው።

የአብዱላሂን ስድብ ነገርኩት። «ፍሬን ላይ ትተኛለች?» አለና ጭኑን መታ። «እኔ ያስተማርኩሽን? ከጋላፊ ኬላ እስከዚህ ፍሬን ስንቴ ነካሁ መሰለሽ? አምስት! ሹፌር በሞተር ነው የሚይዘው። ፍሬን የፈሪ ነው።»

እኔም ይህንኑ ነው የማደርገው። ማርሿ ላይ «ቢ» የምትባል ምልክት አለች፣ እሷ ላይ ሳደርጋት ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ቀይ መብራት ከሩቅ ሳይ እግሬን አነሳለሁ፣ እየቀዘቀዘች ትሄዳለች፣ መጨረሻ ላይ ፍሬኑን በእግር ጣቴ ጫፍ ነካ። ማዳም ከኋላ ሻይ ቢይዙ አይፈስም። አብዱላሂ መጥቶ ይየኝ እንጂ!

ሰኞ፣ ሰኔ 20

ሲጥ አለች። ዛሬ ሁለቱም በኩል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 21

ስለ ከይረዲን የሰማሁትን እጽፈዋለሁ፣ ከውስጤ እንዲወጣ።

ለማዳም መድኃኒት ልገዛ መሃል ጅቡቲ፣ ሜኔሊክ አደባባይ ወርጄ ነበር። ረመዳን ስለሆነ ካፌዎቹ ቀን ጭር ብለዋል፣ ማታ ነው የሚሞሉት። ፋርማሲው በር ላይ አንዲት የእኛ አገር ልጅ፣ ፈረንሳዮች ቤት የምትሠራ፣ አገኘችኝና፣ «ያ ካርቲየ 5 ያለው መካኒክ አስመሳይ ነው አሉ። የውሸት ሸራ እየከተተ። የእኔ ሰዎች መኪናቸውን ሊወስዱለት ነበር፣ ተዉት» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«አንድ የትራንዚት ሰው። ማታ ማታ ካፌው ውስጥ ለሁሉም ነው የሚያወራው። የአክስቱን መኪና ሁለቴ አበላሸባቸው አሉ።»

ምን መለስኩ? «እንዲያ ነው እንዴ?» አልኩ። ይሄው ነው። እንዲያ ነው እንዴ!

ቤት ስገባ ማጠቢያውን የውሃ ጎማ ጠቅልዬ ዕቃ ቤት ከተትኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 30

ትናንት ኢድ ነበር። ማዳም በበዓሉ ማግሥት ሮብሌን ቤት አስጠርተው አነጋገሩት። ሰላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ጥፋት የለበትም። አብዱላሂ፣ «ቅዳሜ ተጠግናም ሲጥ ካለች ሮብሌ ይይዛታል፣ እንቁ ወደ ማድቤት፣ ቦንቱ ወደ ሃያብለ እህትሽ ጋ» ብሎ ጨረሰ። ማዳም አልተቃወሙም።

እንዲህ ተከፋፈልን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 2

ከይረዲን ጋ ብቻዬን ሄድኩ። አብዱላሂ ተኝቷል።

ግቢው ውስጥ ሌላ መኪና አልነበረም። በሰኔ መጀመሪያ አራት ቆመው ነበር።

ዛሬ ክሪኩን አላነሳም። «ዛሬ አልፈታም፣ ንጂ» ብሎ ከጎኔ ተቀመጠ። ካርቲየ 5ን ዞርን፣ ወደ ባልባላ መንገድ ወጥተን ተመለስን። እኔ እንደማውቀው ነዳሁ፣ እንዲያውም አሳመርኩት። እሱ መንገዱን አላየም፣ እግሬን ነው የሚያየው።

«ፍሬን የምትረግጪው መቼ ነው?»

«ልቆም ስል፣ ትንሽ ነካ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ወንድሜ ነው ያስተማረኝ» አልኩት በኩራት።

ሳቅ አለ። «ወንድምሽ ለጭነት መኪና ልክ ነው። ይህቺ ግን ድሮም ፍሬን ስትረግጪ ቀድሞ የሚይዛት ሞተሩ ነው፣ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ትመልሰዋለች። ሸራው ዲስኩን የሚያገኘው አጥብቀሽ ስትረግጪ ወይም ጨርሰሽ ስትቆሚ ነው። አንቺ ደግሞ ያቺኑም ከልክለሻታል። የኋላ ሸራሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ብረት ሥራ ከፈታ ይዝጋል።»

ስለዚህ አብዱላሂ ትክክል ነው፣ አነዳዴ ነው። እሱ ብዙ ትረግጣለች አለ፣ ጥፋቴ ግን አለመርገጤ ነው። ስቄ ልሞት ነበር።

ከዚያ ከይረዲን ወርዶ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ከፍሬኑ ሥር በጥፍሩ ነጭ ነገር ፋቀ፣ ምላሱ ላይ አደረገው።

«ሥራ መፍታት ብቻውን በሦስት ሳምንት እንዲህ አያደርግም» አለ። «ይሄ ጨው ነው። የባሕር ነፋስ ያመጣው ደግሞ አይደለም፣ ነፋስ ወደ ታች እየፈሰሰ መስመር አይሠራም። የዚህ ከተማ የቧንቧ ውሃ ነው፣ ሻይ እንኳ የማይፈላበት። በዚህ ተነክራ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ታድራለች።»

«በረመዳን አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር» አለኝ። ድምፁን አላነሳም። «በዚያ ሙቀት፣ በደረቅ ጉሮሮ፣ የራሴን ሥራ ስጠረጥር ዋልኩ። እቃ አቅራቢዬን ሰደብኩት፣ አሁን አያናግረኝም። ሰዎቼ ሄዱ። አንቺ 'አጥባለሁ' ብትዪኝ ኖሮ ግማሽ ሰዓት ነበር የሚፈጀው።»

«አብዱላሂ ስለነበረ ነው...»

«ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እሱ አልነበረም። ስልኬም አለሽ።»

ዲስኩን አሸልኝ፣ አጸዳው። ሲጨርስ መፍቻውን እየጠረገ፣ «እኔ ለማንም አልናገርም። መናገር ካለብሽ አንቺው ተናገሪ። ካልሆነ ግን ይህቺን መኪና ሁለተኛ እዚህ አታምጪያት» አለ። እህቴ አላለኝም።

እሑድ፣ ሐምሌ 3

አልተናገርኩም። ማዳም ራሳቸውን አሟቸዋል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 4

ጸጥ ብላለች። ፍሬን እየረገጥኩ ስለምነዳ ጸጥ ብላ ትቀጥላለች። ውሃ አላስነካም። ማንም ሳያውቅ ያልቃል። መሪው የእኔ እንደሆነ ይቀራል።

አብዱላሂ ምሳ ላይ፣ «አየሽ አክስቴ፣ ያንን አስመሳይ በሰው ፊት ሳዋርደው ነው ሥራውን ያስተካከለው» አለ። እጄ ላይ ያለውን ሳህን አስቀመጥኩ። ተመልሼ አነሳሁት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ከይረዲን ልጆች አሉት ወይ? አላውቅም። ሁለት ዓመት ሳውቀው አልጠየቅኩትም። እሱ የባንቴን ጉልበት ሕመም ሳይቀር ይጠይቀኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ተናገርኩ።

ከምሳ በፊት፣ አብዱላሂ ጫቱን ሳይዝ፣ ማዳም ሳሎን ተቀምጠው። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ማጠቤን፣ ፍሬን አለመርገጤን፣ ሲጠይቀኝ መዋሸቴን። አንዱንም አላስቀረሁም። ከዋሸሁ በኋላም በጨለማ ማጠቤን ጨመርኩ።

አብዱላሂ አጨበጨበ። «አላልኩም? አላልኩም አክስቴ?»

«አንተ ዝም በል» አሉት ማዳም። «አንተ ያልከው ሌላ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። ሲቆጡ አይጮኹም፣ ዓይናቸውን ነው የሚያጠብቡት።

«ፍሬኑን አታውቂም ነበር፣ ማንም አያውቅም። ማጠብሽም ንጽሕና ወድደሽ ነው። ይሄ ምንም አይደለም። አርባ ዓመት አዋልጃለሁ እንቁ። ምጥ የያዛት ሴት ምን መድኃኒት እንደዋጠች ስጠይቃት 'ምንም' ካለችኝ፣ የሌለ በሽታ ፍለጋ እገባለሁ። እሷ ትጎዳለች፣ የሚጠፋው ግን የአዋላጇ ስም ነው። ይህን ያደረጉብኝን ሴቶች ስማቸውን ሁሉ አስታውሳለሁ።»

«ይቅርታ ማዳም።»

«እኔን ምን አደረግሽኝ? ቁልፉን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። ሮብሌ ነገ ይጀምራል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

ማድቤት ነኝ። ቦንቱ ታሳዝነኛለች፣ ቢላዋ የት እንዳለ ሁሉ ፈርታ ነው የምትነግረኝ። እስካሁን ሃያብለ አልላኳትም።

መኪናዋ ስትገባ ሰማሁ። ሮብሌ አጥብቆ ነው የሚረግጠው፣ ጎማው ጠጠሩ ላይ ይጮኻል። ፍሬኑ ግን ጸጥ። ለእሷ እሱ ይሻላታል ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12

ማዳም ከሕክምና ሲመለሱ ግድግዳ ይዘው ነው የገቡት። ትራስ ከጀርባቸው አደረግሁ። «ሮብሌ ጥሩ ልጅ ነው» አሉኝ ዓይናቸውን ጨፍነው። «መብራት ባየ ቁጥር ግን ከወንበር ሊያስወጣኝ ይላል።» ትራሱን አስተካከልኩላቸው። የምለው ሞልቶ ነበር።

አርብ፣ ሐምሌ 15

ማዳም ከይረዲንን በስልክ ጠርተው ቤት አስመጡት። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሳሎን አስቀመጡት፣ አብዱላሂን በስተቀኝ፣ እኔን ፊት ለፊት አቆሙኝ።

«ለእኔ የነገርሽኝን ለእሱ ንገሪው» አሉኝ።

ያውቀዋል። ቢሆንም ሰው ፊት እንደገና ነገርኩት። በረመዳን የሆነው ላይ ስደርስ እሱ ምንጣፉን ነው የሚያየው።

«አሁን አንተ» አሉት አብዱላሂን። «ሜኔሊክ አደባባይ ምን ስታወራ ከረምክ?»

«አክስቴ፣ እኔ ምን አውቄ...»

«ሳታውቅ ነዋ ያወራኸው። ዛሬ ማታ እዚያው ካፌ፣ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ፣ መካኒኩ ልክ ነበር በል። ጮክ ብለህ። እኔ የምጠይቀው ሰው አለኝ።»

አብዱላሂ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ማዳም ወደ ከይረዲን ዞረው ያልጠበቅሁትን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይህቺ ሴት የበደለችው አንተን ነው። እኔ ዳሌዬ ነው የሚያዳላው፣ ፍርዴን አላምነውም። መኪናው የአንተ ቢሆን ለእሷ ትሰጣት ነበር?»

እኔ እግሬ ሥር ያለውን የወለል ሰድር እቆጥራለሁ።

«እናቴን ከኋላ አስቀምጬ እሰጣታለሁ» አለ በመጨረሻ። «እንደ እሷ የሚነዳ አላየሁም። የተበላሸ ነገር ስጠይቃት ግን መልሷን ራሴ አጣራለሁ።»

«ጥሩ» አሉ ማዳም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። «አሁን አስተምራት፣ ልጄ። አንተም አብረህ ሂድ አብዱላሂ፣ እንድታውቅ።»

ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ባዶ አስፋልት ላይ ሄድን። ከይረዲን ከጎኔ ሆኖ፣ «ሃምሳ አድርሻት። አሁን ማርሹን ኤን ላይ አድርጊ። እዚያ ላይ ሞተሩ አይይዛትም፣ ሸራው ብቻውን ይሠራል። ርገጪ! አጥብቀሽ!» አለ።

እግሬ እምቢ አለ። እውነቴን ነው። ባንቴ በጆሮዬ የሚስቅብኝ መሰለኝ።

«ርገጪ እንጂ!»

ረገጥኩ። አብዱላሂ ቀበቶ አላሰረም ነበር፣ ግንባሩ ከፊት ወንበር ጋር ተገናኘ። ወላሂ ብሎ የሹፌር ስድቡን ሁሉ አወረደው። ከይረዲን መስኮቱን እያየ ነበር፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። አሥር ጊዜ ረገጥኩ። ከአራተኛው በኋላ አብዱላሂ አንድ እጁን የእኔ ወንበር ላይ፣ አንዱን ጣሪያው ላይ አድርጎ ጸሎት ጀመረ።

«በሳምንት አንዴ፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ማዳም ሳይኖሩ፣ አሥር ጊዜ» አለኝ ከይረዲን ሲወርድ። «በቀረው ጊዜ እንደ ልማድሽ አስተኝተሽ ንጂያቸው።»

ሮብሌን አብዱላሂ ወደብ የሆነ ቦታ ያስገባዋል አሉ። ማዳም ናቸው ያስገደዱት። ቦንቱም አልሄደችም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 18

ማዳምን ወሰድኩ፣ መለስኩ። ዳሌያቸው መንገድ መውጣቱን አላወቀም። ግቢ ገብቼ ስቆም ድምፅ የለም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5

ዛሬ ከይረዲን ጋ ላሳያት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሦስት መኪና አለ፣ አንዷ የእነዚያ ፈረንሳዮች ናት መሰለኝ። ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር፣ ሻይ ይጠጣል። ስኒ ጨምር አላለም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ጠበቅሁ እንጂ።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ እንቁ። ፍሬኗ እንዴት ነው?»

«ጸጥ ብላለች።»

«በየሳምንቱ አሥሩን ይረግጣሉ?»

«ትናንትና ረግጫለሁ።»

«ውሃስ?»

«አላስነካሁም። እርጥብ ጨርቅ ብቻ። ከውጭ።»

እውነት ነበር፣ ቃል በቃል። ከይረዲን ስኒውን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ጎማው ሄደ፣ ቁጢጥ ብሎ እጁን ከፍሬኑ ሥር አስገባና ጣቱን ምላሱ ላይ አደረገ። ቆሜ ጠበቅሁት።